የማታ ፈረቃ

ሐረጎን ሲወጣ በጭጋግ ታፍኖ፣
አውራ ጣቱን ታቅፎ፣ በሻሽ ሸፋፍኖ፣
ሙሄ መጣ ደሴ፣ ዐይኑ እንቅልፍ አጥቶ፣
ሦስት ሌሊት ሙሉ ጣቱ ልብ አውጥቶ።

«ምን ወጋህ?» አልኩት። «የጥቅል ሽቦ።
የናቁት…» አለና ሳቀ ከንፈሩን ስቦ።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ፣ ጨርቅ ማንጫ ክፍል ነው ሥራው፤ ሲጠጋኝ
ከሸሚዙ እጅጌ በረኪና ሸተተኝ።
ሚስቱ ትለዋለች አሉ፦ «ስስምህ ዐይኔ ያለቅሳል፣
ያገባሁት ሰው ነው ወይስ የፋብሪካ በርሜል?»

ተረኛው ሐኪም ቀደደው። እኔ ጠብታውን ተቀበልኩት፣
መግል ነው፤ ብርጭቆ ላይ አሸሁት፣
በእሳት አሳለፍኩት፣ በሐምራዊ ነከርኩት፣
አጠብኩት፣ በቀይ ደገምኩት፣ አደረቅሁት።

መብራት ጠፋ።
ጄነሬተሩ እስኪያጉረመርም ከጓሮ፣
በመስኮት ጦሳን ዐየሁት፣ ራሱን በጭጋግ አስሮ።
ከዚያ ብርሃን መጣ። ወደ ሌንሱ ጎነበስኩ።

ሐምራዊ ፍሬ፣ እንደ ወይን ዘለላ፣
ጥንድ ጥንድ፣ አራት አራት፣ አንዱ ባንዱ ጥላ፣
በሽቦ ጫፍ ገብቶ በሥጋ የታተመ፣
ኪራይ ሳይከፍል ሦስት ሌሊት የከረመ።

በዙሪያው ደግሞ እነሱ፣ ነጮቹ፦
አስኳላቸው ባለ ቋጠሮ፣ እንደ ፈትል ክር፣
ከአጥንት መቅኒ የወጡ፣ ዕድሜያቸው አንድ ጀንበር፣
በደም ሥር ግድግዳ ሲንከባለሉ ሽታ የጠራቸው፣
«ና» ያላቸው ሳይኖር ቁስል የገባቸው፣
አካላቸውን ውሃ አድርገው በስንጥቅ ያለፉ፣
ማንም ሳያዛቸው ለሞት የተሰለፉ።

አንዱ ላይ ዐይኔ ቀረ።
እጅ የለው፣ ጣት የለው፣ አፍ የሚባል የለው፣
መላ አካሉን ዘርግቶ ጠላቱን ያቀፈው።
ሰባት ቆጠርኩ በሆዱ፤ ስምንተኛው ገና ሲታይ
ቀለሜ አድርቆታል፣ ግማሽ ጉርሻ ላይ።

አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል ሲሉ ነው ያደግሁት፤
ሰባት ጎርሶ የሞተ ግን ዛሬ ነው ያየሁት።

መዋጡ አይደለም፤ ከዋጠ በኋላ ነው ነገሩ።
በሆዱ ከረጢት ውስጥ ሲዘጋ በሩ፣
ከሙሄ ትንፋሽ አየር፣ ከሙሄ ላብ ጨው ወስዶ
ይጠምቃል፤ ምን ቢሆን ጥሩ ነው?
በረኪና።
ያንኑ፣ ከእጅጌው የሸተተኝን ያንኑ፣
ጋን የለው፣ ቧንቧ የለው፣ በማይታይ መጠኑ።
ተምሬው ነበር፣ ድሮ፣ ለፈተና፤
ሸምድጄው ነው እንጂ መች ሸተተኝ ያኔ በረኪና?

ሙሄ ጨርቅ ሲያነጣ ይውላል፤ ሌሊት፣ እሱ ሳያውቀው፣
የገዛ ደሙ ነው ቁጭ ብሎ የሚያነጣው።

በረኪና ግን በርሜሉንም ይበላል፤
የጠመቀው ራሱ በጠመቀው ይሞታል።
በጥጥ ጠርገን የምንጥለው፣ አፍንጫ የምንይዝለት፣
እሱ ነው። በልተው የሞቱ፣ የተከመሩበት።

ማን ያነሳቸዋል?
ወሎ ቅሬ እንዳለው፣ ሥጋም አለው ቅሬ፦
ትልልቆቹ ሕዋሳት፣ ዘግይተው የሚደርሱ፣ ያለ ወሬ፣
ሟቹን አንድ ባንድ ውጠው፣ ሜዳውን ጠርገው፣
«ቃጠሎው ይብቃ» ብለው ለቁስሉ ነግረው።

ቅጹ ላይ ለዚህ ሁሉ ቦታ የለም።
«የመግል ሕዋስ» ይላል፣ ብዛት። ሦስት መደመሪያ ጻፍኩ፦
+ + +
ራቅ አድርጌ ሳያቸው ሦስት መስቀል መሰሉኝ፣ ደነገጥኩ።
ለሙሄ! ሰኞና ሐሙስ ለሚጾመው!
ግድ የለም። ወሎ ነው፤ አጎቱ ቄስ ናቸው፣ ቅር አይለው።

ሊነጋጋ ሲል ወረቀቱን ሰጠሁት።
«ምን አገኘሽ?» አለኝ።
«ጣትህ ውስጥ የማታ ፈረቃ ገብተዋል፤ ይሠራሉ» አልኩት።
«ትርፍ ሰዓት ይከፈላቸዋል?»
ሳቅን።

በግራ እጁ ተቀብሎኝ ወደ መድኃኒት ቤቱ ዞረ፤
ኮሪደሩ ላይ ሽታው ቀረ።