ሽቦዋ የታለ?

ቢቸና አባቴን «አንማው ሽቦ» ይለዋል፤
ከደጀን እስከዚህ ምሰሶው ያውቀዋል፤
ጥቅል ተሸክሞ ክረምት ከበጋ
የሰው ድምፅ ሲያሻግር ዕድሜውን ዘረጋ።

ዘንድሮ ግን ልቡ እየሰነፈበት፣
ከማርቆስ አምጥቼ ሰዓት አሰርሁለት።
«ትቆጥራለች ልብህን፤ ከተዛባ ምቱ
ማርቆስ ይደርሰኛል፣ ወዲያው፣ በሰዓቱ።»

ገልብጦ ገልብጦ አሻሸና ጠርዟን፣
«ሽቦዋ የታለ? አሳዪኝ መስመሯን!»
«በአየር ነው» ብለው ዝም አለ፣ አዘነ፤
«ያ ሁሉ ምሰሶ፣ ያ ዕድሜዬ ምን ሆነ?»

በሳምንቱ ሌሊት ሐኪም ቤት ተረኛ ነኝ፣
ስልኬ ቀይ አብርቶ ክው አርጎ አስቀረኝ፦
መቶ አርባ፣ መቶ ሃምሳ፤ ልብ ይሸመጥጣል፤
ደወልሁ፤ ይጠራል፤ ደግሞ ይቋረጣል።

ሦስተኛው ላይ «አቤት!» ከኋላው ግልገል ጮኸች፤
«አይዞሽ፣ የኔ አይደለም፤ እግሯ ላይ ነበረች።
መስመር የዘረጋ ሳይሞክር አይሄድ፤
ሰማሽኝ፣ ሰማሁሽ፣ ያለ አንዳች ገመድ።»

ልቆጣው አስቤ ሳቄ ቀደመና
ዝም ተባባልን፤
ማርቆስና ቢቸና።

«ታዲያ» አለኝ ቆይቶ፣ ጉሮሮ ጠርጎ አንዴ፣
«ደኅና ሲመታሳ አትደውዪም እንዴ?»