የተጣበቀችው ቦሎቄ

ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ ገንደ ጋራ፣
ቆርቆሮው በነፋስ ሌት ሙሉ ሲያጓራ፣
ኮሎኔል ሂርጳ ነው ተከራይቶ ያለ፤
ማዕረጉን ከትከሻው ፈትቶ የጣለ።
መጣልስ አልጣለም፤ በወተት ጣሳ፣
ከአዝራርና ከክር ጋር አለ፣ እንዳይረሳ።

ስለሱ የሚወራው ግማሹ ተረት ነው፤
እኔ ከራሱ አፍ የሰማሁትን ነው የምናገረው።

አውራጃ ሲሾሙት፣ የወህኒውን መዝገብ
ገልጦ “ይህ ሰው ምን አጠፋ?” ቢል፣ ጠፋ ሰበብ።
መቶ አሥራ ሁለቱን በአንድ ሌሊት ፈታ።
ወታደሮቹንም ሰብስቦ ማታ ማታ
በፋኖስ ብርሃን ሀሁ አስተማረ፤
ስንቱ ጺማም ጀግና ስሙን ጽፎ አደረ።
“ገበያው ላይ ተኩስ” ያሉት ዕለት ደግሞ
ሬዲዮኑን ዘጋ፤ ጦሩ ዝም አለ ከኋላው ቆሞ።
ታሰረ ሰባት ዓመት። (እሱ “ስድስት ተኩል” ይላል፤
ቁጥር ሲዛባበት አጥንቱን ያመዋል።)

አዳማ ሲገባ ዕድራችን መረጠው፤
ያኔ ሹመት ሁሉ በጭብጨባ ነው።
“እጅ ማውጣት ይቅር” አለ፤ “እጅ ጎረቤቱን አይቶ ነው የሚነሣ።”
ማዕረግና አዝራሩን አራግፎ፣ ያችን የወተት ጣሳ
በጨርቅ ሸፈናት፤ “ነጩ ቦሎቄ ይሁን፣ ቀዩ ደግሞ ይቅር፤
ማን ምን እንደጣለ ከጨርቁ ሥር ይቅር።”
ተከራይ አባል ሆነ። መበለት ዳኛ ሆነች።
ሽማግሌዎች አጉረመረሙ፤ ጣሳዋ ግን ሠራች።

በዘጠነኛው ዓመት የራሱ ተራ ደረሰ፤
“ሂርጳ ይቀጥል ወይ?” የቦኩ ነፋስ ድንኳኑን አቧራ አለበሰ።
ራሱ ቆጠረ። ነጭ። ቀይ። ቀይ። ነጭ።
ሠላሳ አንድ ለሠላሳ አንድ።
እኩል ከሆነ ነባሩ ይቀጥል ይላል ደንቡ፤
ጭብጨባው ሊጀመር፣ እጆች ሲሰበሰቡ፣

“ስልሳ ሦስት ነበርን” አለ።
ጣሳዋን ዘቀዘቀ፣ ወደ ውስጥ አስተዋለ፤
ከታች፣ ከክሩ ጋር ተጠላልፋ የቀረች አንዲት ናት።
ማንም አላያትም። በመርፌ ጫፍ አወጣት፤
ወደ ብርሃን ይዞ ለሁላችን አሳያት።

ቀይ።

ማኅተሙን፣ ቁልፉን ለወይዘሮ ዘቢደር ሰጠ፤
ተረከዙን አጋጨ። ከዚያ እንደ ማንም ሰው ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ቦሎቄውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ እህል ነጋዴው፤
ከሠላሳ ሁለቱ ቀይ አንዱም የኔ ነው።
በማግሥቱ መጣ፣ ሚዛኔ አጠገብ ቆመ፤
ዓይኔን የምጥልበት ጠፋኝ፣ ጆሮዬ ጋመ።
“ግማሽ ኪሎ ስጠኝ።”
“ነጩን ነው ቀዩን?” አልኩት፣ ምላሴ ተጣብቆ።
“ቀላቅለው” አለኝ፣ ስቆ።