የዘር ዓይነት

ከጣቢያው ወጣሁኝ ቅጽ ይዤ፣ እርሳስ ይዤ፣
ከኩታበር በላይ በጭቃ ተይዤ፤
«ሰናፍጩ አረም ነው፣ ይነቀል» ልል ነበር
ለእትዬ ጦይባ፣ ከገብሷ ዳር፣ ከካቡ ሥር።

ቆማ አገኘኋት፣ ቢጫው እስከ ወገቧ፣
ጆሮዋን ለንብ ሰጥታ፣ ለእኔ ሳይዞር ልቧ፤
ቅጠል ትቀጥፋለች።
«አረም ነው» አልኳት፤ ቀና ሳትል ሳቀች።

«አረም የሚባለው ጠሪው ሲጠግብ ነው።
ጎተራው ተጠርጎ፣ በሐምሌ ጨለማ፣
ምንቸቴን የሞላው ይኸው ነው፣ ልጄ ስማ።
እናንተ መስከረም ሲጠባ ጠብቃችሁ
'የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ' ትላላችሁ፤
እኔ ግን ምንቸቷን
አጥቤ ሰቀልኳት፣ አላወጣኋትም፤
የክረምት ባልንጀራ በበጋ አይረሳም።»

አፈርኩኝ መሰለኝ፣ አምናን አስታውሼ።
ከወረዳ ያመጣሁት አምስት ከረጢት ዘር
ሞተሩ ላይ ሳለ ዝናብ መትቶት ነበር፤
ስማቸው ታጥቦ ሄዷል። በመዳፌ ዘረጋሁት፦
ክብ፣ ቡናማ፣ ከቁንጫ የማይበልጥ፣
አንዱ ካንዱ የማይለይ።
«የቱ ነው የትኛው?» ብላ ጠየቀችኝ።
ሦስት ዓመት ኮሌጅ የተማርኩት ሰውዬ፣ ምላሴ ታሰረብኝ።
«ግድ የለም» አለች፣ «ይብቀል፤ ራሱ ይነግረናል።»

ነገረን።
አንዱ ሥሩን ነፋ፤ ነጭና ወይን ጠጅ፣ ካፈር ብቅ አለ፤
አንዱ ቅጠል በቅጠል ደርቦ፣ እንደ ደላንታ ሰው፣ ራሱን ጠቀለለ፤
አንዱ አገዳው ሰፋ፣ ወተት መሰለና፣ ጭልፋ የሚያህል፤
አንዱ እምቡጥ ብቻ፣ ቅጠል የማያውቀው ይመስል፤
አምስተኛው ቀጥኖ ሽቅብ ተመዘዘ፣
ዘይቱን በፍሬው ውስጥ ደብቆ እንደያዘ።

ጎረቤቷ አራጋው ሥሩን ቀቅሎ ቀመሰና
«ድንች ነው፣ የከዳ» አለ።
ገበያ ወሰደችው፤ እስኪመሽ ድረስ አንድ ሰው አልጠየቀ፤
በሬው ግን ወደደው፣ ገመዱን በጥሶ ጓሮዋን አደቀቀ።
እኔ በቅጼ ላይ «ዓይነት፦ አምስት» ብዬ ደስ እያለኝ ጻፍኩ።

ከየዓይነቱ አንዳንድ ለዘር ተወቻቸው።
ታኅሣሥ ላይ፣ ውርጩን ችለው፣ አበባ መጣላቸው፤
አምስቱም አንድ መልክ! ቢጫ፣ አራት ቅጠል።
አራጋው «መስቀል ነው» አለ፣ ሊሳለም ሲል፤
ጦይባ «የለም፣ አራቱ ማዕዘን ነው፣ አላህ እንደዘረጋው»።
ንቧ ሁለቱንም አልሰማች።
ካቡ ሥር የበቀለው አረም እንኳ ያው አበባ፣ ያው ቢጫ፤
የንብ መንገድ አጥር አያውቅ፣ ሰርግ ሆነ እስከ ዳር ዳርቻ።

ዘንድሮ ያ ዘር በቀለ፦
ሥሩ ሊያብጥ ጀምሮ ሐሳቡን የቀየረ፣
ቅጠሉ ሊጠቀለል ሲል መሐል ላይ የቀረ፣
ከጭልፋው አገዳ ላይ የዱር ጠጉር ያበቀለ።
«ዝርያው ተበላሸ» አልኳት፣ እንደ መጽሐፌ።
«ተበላሸ?» አለች፣ «ዘመድ ተጠያየቀ እንጂ!»

እቅፍ ሙሉ ሰጠችኝ። በኪራይ ቤቴ ማታ
በቃሪያና በጨው ብቻ ቀቀልኩት።
መጀመሪያ መረረኝ፤ ኋላ ጣፈጠኝ፤
ኋላ መለየቱን ተውኩት።

ሰኞ ለታ ቅጹን ሞላሁ። «የዘር ዓይነት» ከሚለው ፊት
ብዙ ቆየሁና «ጎመን» ብዬ ጻፍኩበት።
አለቃዬ አነበበና «የትኛው?» አለኝ።
ምሳ በልቶ ነበር።