ከበሩ ላይ የተጻፈው

ባጃጁ ሲገለበጥ፣ ድልድዩ ጥግ፣ ቦርከና፣
ግራ ክንዴ ከዳኝ፤ ቀኜ ሆዴን ያዘና፣
የቱ እንደሚያመኝ ሳለይ ገና፣
ሐረጎን ወጣነው በሚኒባስ፣ በጉም።
ወንድሜ ሙሔ አጠገቤ፣ አንዴም ዝም አይልም፤
«አይዞሽ፣ ክንድ ይጠገናል» ይላል በየጥምዝምዙ፣
እሱ ክንዴን ያያል፤ ሌላ ነው መዘዙ።

ደሴ፣ ሆስፒታሉ፣ ከራጅ ክፍሉ በር ላይ፣
ጥጉ የተላጠ ወረቀት አለ፣ ከሩቅ የሚታይ፦
«ነፍሰ ጡር ከሆኑ አስቀድመው ይንገሩን።»
አነበብኩ፤ ደገምኩት፤ ቆጠርኩ ፊደሉን።
ስንት ሳምንት ሙሉ ለባሌ ያልነገርኩት፣
የአምናው ሳይቆይ ስለወረደ በአፌ ያላነሳሁት፣
በዱዓዬ እንኳ ስሙን ያልጠራሁት፣
ለማላውቀው ሰው ልናገር፣ በር ላይ ስለተጻፈ!

«ራጅ እሳት ነው» አለች፣ ደረቷን ልትነሳ የተቀመጠች፣
«ጭስ የለውም እንጂ።» ካርዷን በአራት አጠፈች።

«ጦይባ ይመር!» ተባለ። ሙሔ አብሮኝ ሊገባ ተነሳ፤
«ቆይ አንተ!» አልኩት በቁጣ። ፌስታሌን እንደያዘ መቀመጥ ረሳ።

ባለሙያው አራጋው ነው፤ ስሙ ደረቱ ላይ ተሰፍቷል፣
ከመስታወቱ ኋላ ግማሽ ዳቦ አስቀምጧል።
«የወር አበባሽን መቼ አየሽ?» አለ፣ ቀና ሳይል፣
ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው፣ ቀለል አድርጎ፣ ቀለል።
«ቀርቷል» አልኩት። «ስንት ጊዜ?» «ሁለት።»
ብዕሩ ቆመ። ከእናቴ በፊት፣ ከባሌ በፊት፣
ዳቦውን ያልጨረሰ ባዕድ ሰው ምስጢሬን ሰማት።

«ልተወው» አልኩት፤ «ሰፈራችን ወጌሻ አለ።»
«ጠሞ የዳነ ክንድ ልጅ አያቅፍም» አለ።
«የማነሳው ክንድሽን ነው፤ ሆድሽ ጋ የሚደርሰው ከምንም አይቆጠርም፤
ሆድሽን ቢሆን፣ ሐኪሙን ሳልጠይቅ ቁልፉን አልጫንም።»
የእርሳስ ሽርጥ ጣለልኝ፤ ከበደኝ እንደ እርጥብ ቡልኮ፤
«አሁንስ ግድ አይደለም ይላሉ፤ ለልብሽ ነው እኮ።»

«አትንቀሳቀሺ።»
ጠቅ።
ይኸው ነው።

ቀጥሎ ካለው ክፍል ላከኝ። «እዚያ ጨረር የለም፤ ድምፅ ነው።
ጦሳ ግርጌ ተጣርተሽ ታውቂያለሽ? ሲመለስ ነው የሚያየው።»

ጄሉ በረደኝ። ስክሪኑ ግራጫ፣ የሐረጎን ጉም መሳይ፤
መሃሉ ላይ አንዲት ፍሬ፣
ብልጭ፣ ብልጭ፣ ልትታይ።

ስወጣ ሙሔ እንደቆመ ነው፣ ፌስታሉ እጁ ላይ።
«እሺ፣ ክንድሽስ?»
«ተሰብሯል» አልኩት፣
እየሳቅኩ።