የሟቹ እግር

ይኸው ተሰቅሏል ከአዳራሹ ግንብ ላይ፣
ፓሪስ ተሰልፎ ይመጣል ሊያይ።
ከሩዋን በጋሪ፣ ጠቅልለን ያመጣነው፣
እኔ ከኋላ ሆኜ እንደ ሬሳ የደገፍሁት ነው።
ቁመቱ የቤት ግድግዳ ያህላል፤
ሰው አንገቱን ሰብሮ «አቤት ሐዘን!» ይላል።

የጥንት ጀግና ነው፣ ከጋሻው ተኝቶ፤
ከተማው በሞላ ደረቱን ደቅቶ፤
ችቦው ይንቦገቦጋል፣ ፈረሱ ያለቅሳል፣
ካህኑ ከጭሱ ውስጥ እጁን ያነሣል።
ሚስቲቱ መሐል ላይ፣ ክንዶቿን ሰቅላ፣
ልትወድቅ ስትል ቀረች፣ እንዲያው ዘንበል ብላ።
የእኔ ዓይን ግን ከታች፣ ከጥጉ ነው ያረፈ፣
እግሩ ብቅ ካለበት፣ ጨርቁ ከታጠፈ።

አምና ዐሥራ አራት ዓመቴ፣ ቀለም ፈጪ ነበርሁ፤
ከጌታዬ ጣራ ሥር፣ ከዘይቱ ጋር አደርሁ።
ሴን ወንዝ በዚያ ክረምት ጀርባው ደንድኖ ነበር፤
መርከብ አይገባ፣ ሥራ የለም ከወደቡ በር።
ጌታዬ ወደብ ወርዶ ሬሳ መረጠ፤
በቀን ስድስት ሱ፣ ከሾርባ ጋር፣ ሊከፍል ቃል ሰጠ።
ፕላሲድ ይባላል፣ ጆንያ ተሸካሚ፣
ትከሻው እንደ በር፣ ቀልዱ ልብ አካሚ።
«መሞትም ሥራ ሆነ!» ብሎ ሳቀብን፤
ልብሱን አውልቆ ከጣውላው ተጋደመልን።
ምድጃ አይነድም፤ ጭስ ብርሃን ያበላሻል፤
«አትንቀጥቀጥ» ይላል ጌታዬ፣ «ሟች ይንቀጠቀጣል?»

ፔሪን፣ ልብስ አጣቢ፣ ሚስት ልትሆን መጣች፤
«አልቅሺ» ብትባል ሳቋን ዋጠች፣ ዋጠች።
ሽንኩርት ከተፍሁላት። ያ በሸራው ያለው፣
ወይዛዝርት መሐረብ የሚያወጡለት ዕንባ፣ የሽንኩርቱ ነው።
እጇ በአመድ ውኃ ተልጦ፣ ቀልቶ፣
ጌታዬ እንደ ሰም አነጣው ቀብቶ።

በሃያኛው ቀን ፕላሲድ ሳል ጀመረ።
«ሟች ሲስል ማን አየ?» ጌታዬ ተማረረ፤
«ደረትህን ያዝልኝ፣ ጥላው ተሰበረ!»
በሠላሳኛው
ጣውላው ባዶ አደረ።

ቀበርነው። የመጡትን ልቁጠራቸው?
እኔ፣ ፔሪን፣ ጀልባ ጠጋኙ ቲቦ፣ የቲቦ ውሻ ናቸው።
ችቦ አልነበረም፤ ካፊያ ነበር፣ ቀጭን፤
ካህኑም ቸኩሎ ጸሎቱን አሳጠረብን።
ደረት የደቃ የለም፤ ክንድ የዘረጋ የለም፤
ፔሪን አላለቀሰችም፤ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።
ሲመሽ ግን አንሶላውን፣ የጀግናውን ከፈን፣
የፕላሲድ ላብ የነካውን፣ በረዶ ሰብራ አጠበችው በሴን።
ሦስቴ አጠበችው፤ ንጹሕ ነበር በአንዴ።
ጌታዬም «ጎሽ» አላት፣ «አዲስ አስመሰልሽው እንዴ!»

እግሩ ግን አላለቀም። ሸራው ላይ ክፍት ቦታ።
«ጫማህን አውልቅ» አለኝ ጌታዬ በማታ።
ተኛሁ። ጣውላው ላይ ጠረኑ ነበር ገና፤
ሳልስል፣ ሳልንቀጠቀጥ፣ ሟች አይስልምና።

ነሐሴ ነው አሁን፤ አዳራሹ ይፋጃል፤
ጌታዬ በር ላይ ቆሞ ምስጋና ያጭዳል።
ፔሪን አልመጣችም። «በቃኝ፣ አይቻለሁ» ብላ፣
ቀና እንኳ አላለችም፤ ከገንዳዋ ላይ፣ እንዲያው ዘንበል ብላ።
አጠገቤ አንዲት እመቤት፣ ማራገቢያ ይዛ፣
«እግሩን እዩት» አለች፣ ድምፅዋ ተክዛ፤
«ሞት ማለት እንዲህ ነው፤ ነፍስ የለው ጨርሶ!»
ከጫማዬ ውስጥ ጣቴ ተሸበለለ፣ ያን ብርድ አስታውሶ።