ሰባት ቀሚስ

ሐረር፣ ሦስተኛው አልጋ፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣
በስኳር ውሃ በርዤ (ጨው አይስማማውም) ቀዩን ጠብታ ስመግብ፣
አዴ ዘይቱና ከረጢቱን አየች፤ ቀና ብላ አየችኝ፤
«ሚሪንዳ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«መድኃኒት ነው፣ አዴ።»
«እሱንማ አወቅኩ አቦ! ሥራውን ንገረኝ፤
ደሜ ውስጥ ሲገባ ምን ብሎ ነው የሚያናግረኝ?»

የድሬ ልጅ አንቱ አይልም፤ «አንቺ» ብዬ ጀመርኩ፤
ኮሌጅ የሸመደድኩትን ፊቷ ዘረገፍኩ፦
«አንዲት ፀጉር ወስደሽ ሺህ ቦታ ብትሰነጥቂ፣
የአንዷን ስንጣሪ ውፍረት ብትጠይቂ፣
ያቺን ታክላለች፤ ስሟም ናኖ...» አቋረጠችኝ፤
ሻሿን ገፋ አድርጋ «ፀጉር ከየት?» አለችኝ።

አፈርኩ።
ያለፈው መድኃኒት ነው ፀጉሯን የወሰደው፤
ራቁቱን ገብቶ፣ ጥሩውን ከክፉ ሳይለይ ያጨደው።
ይኼኛውን እንዴት ላስረዳ? ድንገት ሐዲዱ ታየኝ።

«አዴ፣ የጅቡቲ ባቡር ትዝ ይልሻል?»
«ለማን ነው የምትነግረው? ወገቤ ያውቀዋል!
ሰባት ቀሚስ ደርቤ፣ ሽቶው ጡቴ መሀል፣
ደወሌ ላይ ፊናንስ 'ወፍራም ሴትዮ' ብሎኝ ያልፋል።
ድሬ ደርሼ ሳወልቅ፣ አንድ በአንድ ገፍፌ፣
ሸንበቆ ነበርኩ ወላሂ፤ አጥንቴና ቅርፌ።»

«እሱ ነው! መድኃኒቱም ራቁቱን አይሄድም፤
የስብ ቀሚስ አለው፣ በላዩም ሻሽ፤ ፈታሽ አይነቃበትም።
ነጭ የደም ሕዋሱ ባትሪውን አብርቶ
'ወፍራም ሴትዮ ናት' ይላል፣ ያልፋታል ታክቶ።
የዕጢው ደም ሥር ደግሞ የጨረቃ ቤት ነው፤
በአንድ ሌሊት ጥድፊያ ግድግዳው የቆመው፣
ክፍተቱ ብዙ ነው።
በዚያ ሾልኮ ገብቶ ቀሚሱን ይገፍፋል፤
ያመጣውን መርዝ እዚያው ያራግፋል።»

ዝም አለች። ጠብታው ወረደ፤ ወረደ።
ሽቶ የደበቀችበት ጡቷ ላይ እጇን አሳረፈች።
«ከመቶው ስንቱ ይደርሳል?»
መዋሸት ይቻል ነበር።
«ጥቂቱ፣ አዴ። አብዛኛው ጉበትና ጣፊያ ላይ ይወረሳል።»

ትከፋለች ስል፣ ጭራሽ ሳቋ መጣ፦
«ዘጠኝ ቋጠሮዬን ፊናንስ ወርሶብኝ አድሬ፣
በአሥረኛዋ ነው ኢፍቱን ያስተማርኩት፣ ቤት የሠራሁት ድሬ!
ደግሞ ስማኝ፣ ማለፉስ ይታለፋል፤ ማራገፍ ነው ጭንቁ፤
ቀፊራ የሚቀበል ከሌለ፣ አንተና ሸክምህ አብራችሁ ነው ምታልቁ።»

ሁለት ሴሚስተር መምህራኖቼ ያልነገሩኝን
በመዳፌ ላይ ጻፍኩት፣ ወረቀት ስላጣሁ።

በሦስተኛው ዙር መዳፏ ቀላ፤ ሂና ሳትቀባ።
«ፍል ውሃ አትንኪ፤ ሙቀት ባለበት አትግቢ» አልኳት።
ለድሬ ሰው! ያውም በግንቦት!
ራሴን ታዘብኩት።
ቆዳዋ ተላጠ። የጣቷ አሻራ ጠፋ።
ባንክ ቤት ማሽኑ «አላውቃትም» ብሎ ሦስቴ መለሳት።
«እሰይ» አለችኝ፣ «እንግዲህ ቢይዙኝስ በምን ይለዩኛል?
ይኼን ያኔ ባገኘው ጅቡቲን ጠቅልዬ አመጣት ነበር፤ ምን ያግደኛል?»

ያን ዕለት ማታ በአንድ ሚኒባስ ወረድን።
ደንገጎን ስንጠማዘዝ የድሬ ሙቀት
ከታች ሽቅብ መጥቶ ፊታችንን ላሰ።
ኬላው ላይ ፈታሹ ገባ፤ መቀመጫ ሥር ደባበሰ፣
የሴትዮዋን ዘንቢል፣ የተማሪውን ሻንጣ፤
«የደበቃችሁት ካለ ይውጣ!»

አዴ የተላጠ መዳፏን ሽርጧ ውስጥ ሸጎጠች።
«ምንም የለኝ ልጄ» አለች፣
እልፍ አእላፍ ቀሚስ በደም ሥሯ እየነዳች።
ባትሪው ፊቷ ላይ ቆየ። አለፈ።
በጨለማው ውስጥ
በክርኗ ጎኔን ጎሰም አደረገችኝ።