የአያት ስም

ፒያሳ፣ ሲኒማው ደጅ፣ ከታክሲ ተራው ፊት፣
የአንድ ፎቅ ቁመት ሆና ተሰቅላ አየኋት።
ከንፈሯ ደም መስሏል፣ አፍንጫዋ ሰልካካ፤
እኔ የሳልኳትማ ሌላ ነበረች ለካ።

የእኔዋ ጉንጯ ላይ ጥቁር ነጥብ ነበራት፤
እስክሪብቶዬ አንድ ቀን ቀለሙን ተፋባት፣
ላጲስ ለቀለም አይሆን፣
«ማርያም የሳመቻት ናት» ብዬ አሳለፍኳት።

ያኔ ልሳነወርቅ ቃሉን ይፈትላል፣
እኔ በባለ ሠላሳ ሁለት ገጽ ደብተር መልክ እሰጠዋለሁ፤
ጋሽ ኑርዬ፣ አራት ኪሎ፣ በዱቤ ኮፒ ያደርግልናል፣
በሦስት ብር ሸጬ፣ በሁለቱ ሻይ እጠጣለሁ።
(ዱቤው እስከ ዛሬ አለ።)

ትርፌ አልናት።
ትርፌ ነጎድጓድ መብረቅ።
አያቷ መብረቅ፣ ከጊዮርጊስ ለገሃር በአንድ ዝላይ የሚዘልቅ።
አባቷ ነጎድጓድ፣
ፍሬን የበጠሰ ሲኖትራክ በቸርችል ቁልቁል ሲምዘገዘግ
በአንድ እጁ አንስቶ ከመንገድ ፈቀቅ የሚያደርግ።
ሕዝቡ አጨበጨበ።
ማን ቤት ላይ እንዳስቀመጠው ግን ጋዜጣው አልጻፈም።
ልጅቷ አይታለች። የልብስ ሰፊ ቤት ነው፤
አቧራው ውስጥ የሲንጀር መዘውር
ብቻውን ሲዞር፣ ሲዞር…
ይህን ገጽ ሦስት ጊዜ ሳልኩት፤
መዘውሩ አልቆምልህ አለኝ።

ቀጥሎ ቀበሌ። ትርፌ አሥራ ስምንት ሞልቷታል፤
መታወቂያ ልታወጣ ከሰልፉ ጅራት ቆማለች።
«ስም?»
«ትርፌ።»
«የአባት?»
ዝም።
«የአባት ስም፣ እህቴ! ሰው ይጠብቃል።»
«ነጎድጓድ።»
«የአያት?»
ከንፈሯን ነከሰች። «መብረቅ።»
ጸሐፊው ተነሣ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ጉልበቷን ሊስም አጎነበሰ፤
ሰልፉ ለሁለት ተከፈለ፣ እልልታው ጣራውን በሳ፤
ፊቷ የቆመችው ሴትዮ፣ የልብስ ሰፊው ሚስት፣
ነጠላዋን ሰብስባ መንገድ ለቀቀችላት።
ክፋቷ የተወለደው እዚያ፣ ከዚያ እልልታ ነው።

ክፉ ደግሞ ክፉ ናት፤ አላባብልላትም።
የሰፈር ዕቁብ ዘርፋለች፤
የራስ መኮንንን ድልድይ ከነመንገደኛው አፍርሳለች፣
«በአያቴ ስም!» እያለች።
ልሳነወርቅ ሊያስታርቃት ፈልጎ ነበር፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።

አሁን ጨለማው ውስጥ፣ አሥራ ሁለተኛው ረድፍ፣ ፈንዲሻ በጉልበቴ፣
ረድኤት የሚሏት ተዋናይ ትርፌን ሆና መጣች በፊቴ።
ቆንጆ ናት። ድምጿም ያባብላል።
ስሟን ግን «ጥላ» አሉት፤
ጥላ ብቻ፤ አባት የላት፣ አያት የላት።
አንድ ወንድ ከድቷት ነው የከፋችው፤
ዝናብ ውስጥ አለቀሰች፣ ድልድዩን መልሳ ሠራችው።
ከጎኔ ያለች ልጅ አፍንጫዋን በሶፍት ጠረገች።
እኔ የሲንጀሩን መዘውር ጠበቅሁ።
አልመጣም።

መብራቱ በራ፤ ስሞች እንደ ጎርፍ ሽቅብ ፈሰሱ፦
«ሥዕል፦ ይርዳው።»
ይርዳው ብቻ።
አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ልብስ ሰፊ ነበር።

ወጣሁ። እስክሪብቶ ከኪሴ አይጠፋም፤ ልማድ ነው።
ጉንጯ ጋ እጄ የት ይደርሳል!
የደረስኩበት የጫማዋ ተረከዝ ነው፤
እዚያው በደቃቁ ጻፍኩ፦
ትርፌ ነጎድጓድ መብረቅ።
ዘበኛው ዱላውን እየጎተተ መጣ፤ «አንተ ሰውዬ! ምን ታበላሻለህ?»
ጎንበስ ብሎ አነበበው፣ ጣቱን በየፊደሉ እያስኬደ፤
አባቷ ላይ ሲደርስ ድምፁ ረገበ፣
አያቷ ላይ ሲደርስ ኮፍያውን ነካ አደረገ፤
«ለካስ የጨዋ ልጅ ናት» አለኝ፣
መንገድም ለቀቀልኝ።